አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር

ታሊን፣ ኮፕሊ ሰፈር፣ ትራሙ ዞሮ ከሚመለስበት፣
የካቲት ላይ ባሕሩ እንደ ሰሌዳ ከሚጠጥርበት፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ኩሽና ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ
ማሽኔን ገጣጠምኩት፣ እንቅልፌንም እራቴንም ትቼ።

አሥራ አንድ ወር ፈጀብኝ፣ ከዳቦ ቤቱ የሌሊት ፈረቃ
በተረፈች ሳንቲም ስለቃቅም፣ ዕቃ በዕቃ፤
ማዘርቦርዱን በመስከረም፣ ፕሮሰሰሩን ለገና፣
ካርዱን ግን ትናንት፣ ያውም ከሰው እጅ፣ ያውም በልመና።

ቁልፉን ተጫንኩ።
ማራገቢያው ዞረ። መብራቱ ቀላ፣ ጠፋ፣ ደግሞ ቀላ፤
ስክሪኑ ግን ጥቁር፣ የጥቁር ጥላ።
ከሣጥኑ ሆድ፣ ምስር ከምታህል ድምፅ ማውጫ፦
ጢይይይት። ጢጥ። ጢጥ።
ዝም።
ጢይይይት። ጢጥ። ጢጥ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ሳልቸኩል አፈሰስኩ፤
ራሙን ነቅዬ፣ ጥርሱን በላጲስ ጠርጌ መለስኩ፣
ባትሪዋን አውጥቼ፣ እስከ መቶ ቆጥሬ፣ መልሼ አጎረስኩ።
የፕሮሰሰሩን እግሮች በስልኬ መብራት አየሁ፤ አንድም አልተጣመመ፤
ብሎን ስፈታ ብሎን ሳጠብቅ ካቻቢቴው መዳፌን አሳመመ።
በሽታውንስ ይናገራል፤ ቋንቋውን ማን ይወቅለት?
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ በሩ ተንኳኳ በድንገት።

ኤንዴል ነው፣ የታችኛው ፎቅ ሽማግሌ፤
ከፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቧል፣
ጺሙ በተኛበት በኩል ተጨፍልቋል።
ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ጣቱን አነሳ።
ጆሮውን ወደ ኩሽናዬ ዘንበል አድርጎ
«አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር» አለ።
«ጉም ውስጥ ነሽ፣ ልጄ።»

አርባ ዓመት መርከብ መርቷል፣ ከዚህ ወደብ በረዶ እየሰነጠቀ፣
ጉም የገዛ እጁን ሲሰውርበት በጆሮው እየጠበቀ።
«እንዲህ የሚጮህ መርከብ» አለ፣ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ፣
«‹እንደ ልቤ መዞር አልቻልኩም፣ ራቁልኝ› ይላል፤ አልሰመጠ፣
አልሞተም፤ የያዘው ነገር አለ። ለዚህስ የባሕር ሕግ የለውም?»

ነበረው። ከቆሻሻው ቅርጫት፣ ከድንች ልጣጭ ሥር መመሪያውን መዘዝኩ፤
አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፦ ግራፊክስ ካርድ፣ ይላል። ፈዘዝኩ።
ከካርዱ ትከሻ ላይ ስድስት ባዶ ጉድጓድ አፈጠጠብኝ፤
የሚመግበው ገመድ ከሣጥኑ ጀርባ ተጠቅልሎ ሳቀብኝ።
ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ ሦስት ጊዜ በላዩ አልፌ ነበር።

ኤንዴል ግን አልሳቀም።
«እኔም አንዴ መልሕቅ ሳላስነሳ ሞተር አስነስቻለሁ» አለኝ፤
«ለማንም እንዳትነግሪ።»
ይኸው ነገርኩ።

ገመዱን ሰካሁ። ቀጭ አለ።
ማራገቢያው ዞረ።
ጢጥ።
አንዲት። አጭር።
ስክሪኑ ነጭ ፊደል ዘረገፈ፣
የሚነሳበት ዲስክ አላገኘሁም ብሎ ወቀሰኝ፤
ወቀሳ እንዲህ ደስ ሲል አይቼ አላውቅም።

«አንድ አጭርስ ምንድነው?» አልኩት፣ መመሪያው እጄ ላይ እያለ።
ካፖርቱን ሰብስቦ ተነሳ፤
«‹ወደ ቀኝ እየዞርኩ ነው› ይላል መርከቡ» አለ፣
«ቀኝ ያውላችሁ፣ አንቺንም እሱንም።»
በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ።

ዲስኩን ልፈልግ ጎንበስ ስል
ከደረጃው ሰማሁት፤
የሚጎተት እግር፣ ረጅም፤
ከዘራ፣ አጭር፤
ጤነኛው እግር፣ አጭር።
ደግሞ፣ ረጅም። አጭር። አጭር።

ስድስት ዓመት ከላዩ ኖሬ
ይህን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም።
ካቻቢቴውን እንደያዝኩ ወጣሁ፤
የደረጃውን መብራት አበራሁለት፤
ክንዱን ያዝኩ።
ራቂልኝ አላለኝም።