በትንፋሽ ልክ

ፖርቶ አልነቃችም፥ ጭጋጓን እንደ ለበሰች፤
ሉዶቪና ግን የጫማ ክሯን ሁለቴ አሰረች።
ሰባት እንግዶች ነን፥ ሁላችን ባለ አዲስ ጫማ፥
በአንድ ሰዓት ሩጫ ልንጨርስ የሺህ ዓመት ከተማ።

«ተከተሉኝ» አለች፤ ታሪክን ቆራርሳ
በትንፋሽ ልክ ታድላለች፥ ማንንም ሳትረሳ፦
ዳገቱ ላይ ንጉሥ በአንድ ቃል ያልፋል፥
ቁልቁለቱ ላይ ግን ከበባው ይሰፋል።
ቀይ መብራት ሲይዘን
አንድ ጳጳስ ተሾሞ፥ ተጣልቶ፥ ይቀበራል፤
አረንጓዴ ሲበራ ዘመኑ ይቀየራል።

ሣጥን የምታራግፍ ዓሣ ሻጭ ቀና አለች፥
«ማን ነው የሚያባርራችሁ?» ብላ ሳቀች።
እኔ ጅራት ነኝ፤ ጉልበቴ ያቃስታል፤
ከከፈልሁበት ታሪክ ግማሹን ነፋስ ይበላል።

ጠባቡ ደረጃ ላይ፥ ልብስ በተሰጣበት፥
ምላሷ ታሰረ፤ እግሯ ፈጠነበት።
«ይህስ ቤት?» አልኋት ደርሼ በመከራ፤
«እዚህ ታሪክ የለም። ቀጥሉ፥ በተራ።»

አወቅሁት። አረንጓዴው በር፥ በቁጥር የሚከፈት፥
ትናንት ማታ ሻንጣዬን እየጎተትሁ የገባሁበት፤
መቃኑ ላይ የልጅ ቁመት በቢላ ተጭሮ
«ሉዶ፥ ሰባት ዓመት» ይላል፥ አዲሱን ቀለም ተሻግሮ።

ስንቱን ንጉሥ፥ ስንቱን ጳጳስ ቤት ያስመታች ሴት፥
የራሷ ታሪክ ግን አልመታላትም ቤት።

«ድልድዩ!» ትላለች ከታች፥ ወንዙ ሲገለጥ፤
እኔ ከኋላዋ፥ ትንፋሽ እያጠረኝ ስሮጥ፥
አራቱን ቁጥሮች፥ የደጇን መክፈቻ፥
የማውቀው እኔ ብቻ።