የያዘውን አይለቅም

ያቺ ሴት ከገደል በአንድ እጇ ተንጠልጥላ፣
በሌላው ታስራለች የደማውን ገላ።
ነፋሱ ይገፋል፣ ቋጥኙ ይናዳል፤
እሷን ግን፣ አቤት ጉድ፣ ክንዷ መች ይከዳል!
ልጄ ሶልያና ጆይስቲኩን ይዛ፣
ታዘልላታለች ምላሷን ነክሳ፣ ስክሪኑ ላይ ፈዛ።

እኔ ከኋላዋ፣ ሶፋው ውስጥ ሰምጬ፤
የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፣ ኤድመንተንን ስዞር የምውል ተቀምጬ፤
ከእጄ ቀድሞ መሪውን የሚነካው ቦርጬ።

«አባዬ፣ አንተ ብትሆን ስንት ሰከንድ ትቆያለህ?»
«እንጃ» አልኳት።
«እኔ አውቃለሁ። ትወድቃለህ።»

ስድብ አልነበረም። የምርመራ ውጤት ነው፤
መርፌ ያልነካው፣
የአሥራ ሁለት ዓመት ሐኪም የፈረመው።

በማግስቱ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ከፈረቃዬ በፊት፣
ወረድኩ ወደ ወንዙ በእንጨቱ ደረጃ፣ በባትሪ መብራት።
መውረድስ ቀላል ነው።
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉኝ ነው ያደግኩት፤
ይሄኛውን እንቁላል ግን ስልሳኛው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።
አንዲት አሮጊት በውሻዋ እየተጎተተች አለፈችኝ፤
ውሻው ዞር ብሎ፣ እንደ ዘመድ አዘነልኝ።

ከዚያ ደግሞ ብረቱ አለ፣
ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ልጆች የሚወዛወዙበት።
በመጀመሪያው ቀን ሰባት ሰከንድ። ሰባት!
ማስነጠስ እንኳ በቅጡ የማይበቃበት።
ጣቶቼ ከዱኝ፣ ከትንሿ ጀምሮ፣
ዕጣው እንደደረሰው ዕቁብተኛ፣ አንዱ ካንዱ ተማክሮ።

ሮዴል፣ የጋራዡ መካኒክ፣ ፍሬን ሲፈታ ሰማኝና፣
«አትሳብ» አለኝ፣ «ዝም ብለህ ተንጠልጠል። እጅ ይቅደምና።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?
ተረቱ ለእኔ ምክር ኖሯል፤ ማን አስተዋለ!
ይሁን፣ ሞኝ ልሁን።
ብልጥ ሆኜ ያተረፍኩት
በየዓመቱ አንድ ቁጥር የሚያድግ ሱሪ ነው፣
እሱንም በቅናሽ የገዛሁት።

ያቺ ሴት ግን ጉልበት የላትም፣ የሚጮህ ማለቴ ነው።
ቁስሏን በጨርቅ ትጠቀልላለች፣ ሦስት ሰከንድ፣ አለቀ፣ ዳነ።
ብትሞትም ከገደሉ ጫፍ ትጀምራለች፣ ትንፋሿ ሙሉ።
እኔ ስወድቅ የምጀምረው ከማንቂያ ደወሉ።

ጥር ላይ፣ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት፣
ጓንቴን አወለቅኩ፤ እሷ በባዶ ጣት አይደል የምትይዘው?
ብረቱ መዳፌን ያዘው፣
እንደ አበዳሪ።
ለካ ሞኝ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ሶልያና ፔርሙዝ አንጠልጥላ ሮጣ መጣች፤
ለብ ያለ ሻይ እያፈሰሰች አላቀቀችን፣
እኔንም፣ ብረቱንም።
ሳቋ እንባ ሆኖ፣ እንባዋ ሽፋሽፍቷ ላይ በረዶ ሆነ።
«ጨዋታው ውስጥ» አለችኝ፣ «ይሄ የለም።»
መዳፌ ላይ የቀረው ጠባሳ የሳንቲም ያህላል።

ሚያዝያ። የሳስካቹዋን ወንዝ በረዶው ሲሰነጠቅ
ከላይ ድረስ ይሰማል።
ሃምሳ አንድ ሰከንድ ተንጠለጠልኩ። ከዚያ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ሳብኩ።
ግንባሬ አለፈ። ዓይኔ አለፈ።
አፍንጫዬ ብረቱ ጋ ሲደርስ ዓለም ቆመ፤
ዝገት ሸተተኝ፣ የአምናም ልጆች እጅ።

«ግማሽ!» ብላ ጮኸች።
«እንዴት ግማሽ? አፍንጫዬ አልፏል!»
«አፍንጫ አይቆጠርም። አገጭ ነው።»
«አፍንጫው ትልቅ የሆነ ሰውስ?»
«አይቆጠርም አልኩህ።»

ቦርጬ ዛሬም መሪውን ይነካል፣ አልዋሽም፤
ሰላምታ ያህል ነው እንጂ እንደ ድሮው አይደገፍበትም።

ከዚያ ጃኬቷን ሳሩ ላይ ጣለች፣
ዘለለች፣ ከጎኔ ተንጠለጠለች።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቀና ብዬ አየሁ፤
ዘጠኝ ላይ
እሷም እንደኔ፣
መጀመሪያ የከዳቻት ትንሿ ጣቷ ናት።