ጣሪያ፦ አራት ሺህ ሁለት መቶ

በመጀመሪያው ዓመት ዋሸሁ።
ከምስሌ ግርጌ፣ ዓላማዬን በምጽፍባት ጠባብ መስመር፣
«ለዕረፍት። ለግሪክ ባሕር።»
ወንዶች ባሕር ይወዳሉ፤
ለሴት ሣቅ አሸዋ መግዛት ደስ ይላቸዋል፣ ይከፍላሉ።
በዩሮ በዩሮ ሞሉልኝ ያንን ባሕር።
እኔ ግን ከብራይላ ርቄ አላውቅም፤
ከዳኑብ ሌላ ውኃ እግሬን ነክቶት አያውቅም፤
ካልቆጠርን በቀር
ከእናቴ አልጋ በላይ በተሰነጠቀው ሸክላ የሚወርደውን፣
በሦስት ባልዲ፣ በአንድ ድስት የምንቀበለውን።

ስማራንዳ ነኝ። እዚያ ስሜ ሚያ ነው።
ካሜራው ሲበራ ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ሲጠፋ ሠላሳ አንድ ነው።
ገላዬን ማሳየት በሦስተኛው ሳምንት ለመድኩት፤
እንደ ጋጋሪ ክንድ፣ እንደ ሹፌር ወገብ፣ ለሥራ ሰጠሁት።
የደበቅኩት ሌላ ነበር፦
የማሞቂያው ዕዳ፣ የእናቴ ጥርስ፣ የባልዲው ቁጥር።

በኅዳር አንድ ሌሊት፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ፣
ጠብታው ከመብራቴ ጀርባ ባልዲውን ሲመታ ውሎ፣
አንዱ ጠየቀኝ፦ «ይህ ድምፅ ምንድን ነው?»
«ሰዓት ነው» ልል ነበር፤ አፌ እምቢ አለው።
ባሕሩን ሰረዝኩት።
«ጣሪያ። አራት ሺህ ሁለት መቶ ዩሮ።
ሸክላው አርጅቷል። ሁለት ወራጅ በስብሷል።»

ልብስ ሳወልቅ ያልነካኝ ብርድ ያን ጊዜ ገባኝ።
ለካ ሰው የሚራቆተው የጎደለውን ሲናገር ነው፤
ሌላው ቆዳ ነው።

ከአርባ ሰባቱ ሃያው ወዲያው ወጡ።
አንዱ «ለጨዋታ እንጂ ለዕድር አልመጣሁም» ብሎ ዘጋ።
አንዱ ማስረጃ ፈለገ፣ ደረሰኝ እንደሚያይ ሒሳብ ሹም።
ካሜራውን ወደ ላይ አዞርኩለት፦
የረጠበው ጥግ፣ የተዘረጋ የላም ቆዳ የመሰለው እድፍ።
ስድስት ደቂቃ እኔ የሌለሁበትን አዩ፤
አንድም ሰው አልወጣም።

ከዚያ መስመሩ መሙላት ያዘ።
የሌሊት ሹፌር 88፣ በየማክሰኞው አምስት ዩሮ።
ብቸኛው ተኩላ፣ ሠላሳ።
ዶክተር ጥቅምት ሁለት ዩሮ፣ ከረጅም ይቅርታ ጋር።
ስም የለሽ፣ አንድ መቶ፦
«የእኔም እናት ቤት ያፈስ ነበር» አለና በዚያው ቀረ።

ደግ ብቻ አልነበሩም።
«ጣሪያችን እንዴት አደረ?» የሚሉኝ በዙ፤
ባለድርሻ ሆኑ፣ የሸክላውን ቀለም ሊመርጡልኝ ቃጡ።
አንዱ መንገዱን ጠየቀኝ፣ የቤቱን ቁጥር።
ያን ሌሊት በሩን ሁለቴ ቆለፍኩ፤
ቀይ ሸክላ በብራይላ ሺህ ነው ብዬ ተኛሁ፤
አልተኛሁም።

በሚያዝያ አናጢው ኔሉ ከልጁ ጋር መጣ።
እኔ ስገለጥ የከረምኩትን
ቤቱ ለበሰው።

እናቴ ቋንቋ አስተምራለሁ ያልኳትን
ለማንም ደግማ ተናግራ አታውቅም።
በደረቀው ጣሪያ ሥር ተቀመጠች፤ ወረቀት አጠፈች።
«የሰጡሽን ሰዎች የክርስትና ስም ንገሪኝ፤
አባ እሑድ ከሕያዋን ጋር ይጥሩልኝ።»

ብቸኛው ተኩላን ቄስ እንዴት ይጠራዋል?
ዝም አልኩ። የእርሳሱን ጫፍ በምላሷ እያራሰች ጠበቀችኝ።
ሹፌሩን ቱዶር አልኩት። ተኩላውን ላውረንቲዩ።
ዶክተሩ፣ ለይቅርታው ሲል፣ ኢላሪዮን ሆነ።
ስም የለሹ ላይ ስደርስ ቆምኩ።
«እሱን ፈጣሪ ያውቀዋል» አለች፤
አንድ መስመር ባዶ ተወችለት።

ዝናብ ጀመረ። ሁለታችንም ወደ ላይ አየን፣ ልማድ ነው።
ከዚያ እርሳሷን ደግማ አነሣች፦
«ያንቺንስ በየትኛው ልጻፈው?»