ልክ እንደዚህች ጓል

ሸዋ በር ዳገቱን ሲወጡ በስተግራ፣
ቀለም እሸጣለሁ፤ ያው፣ እሱ ነው ሥራ።
ሰዉ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ይላል፤
የቡናማው ጣሳ አቧራውን ለብሷል።
ለዴስክ፣ ለበር ጠርዝ፣ ለቃሬዛ ሳንቃ፣
እጅ በሚበዛበት፣ በሚረጭ ጭቃ፣
እሱን ነው የምንልክ፤ ቅር አይለውም በቃ።

ሰኞ ለገበያ ከኩታበር መጥታ፣
ዘሀራ የሙሄ፣ የሻሿን ጫፍ ፈትታ፣
ጓል አፈር አኖረች ከጠረጴዛዬ፤
«አርግልኝ እንደዚች፣ ልክ እንደዚች፣ ሆድዬ።

ጥይት የበሳውን የጭቃ ግድግዳ
ልጄ ቢደፍነውም፣ ሲሚንቶው ግን ባዳ፤
ግራጫው ያፈጣል፣ ሃያ ዓይን ይመስላል፤
በአፈሩ መልክ ቀብቼ ባስጨፍነው ምናል?»

ቀይ ጨመርኩ፣ ጡብ ሆነ። ቢጫ ጣልኩ፣ ሽሮ መሰለ።
ጥቁር ጠብ አደረግኩ፣
ሁሉም ነገር ከሰለ።
«ይሄማ የፖሊስ ጫማ ነው» አለችኝ፤
እንደ ተሳሳተ ተማሪ አረመችኝ።

ምራቅ በነካ ጣት ጓሏን ዳበሰች፤
ጠየመች ጓሊቱ፤
አንገቷን መሰለች።

«የቱን ነው፣ እመቤት? ደረቁን? እርጥቡን?»
«የመስከረም ጠዋት ፀሐይ የነካውን።»

ጓሏን እኩል ሰብሬ ግማሿን ፈጨሁ፣
ከጣሳው ጨምሬ በዱላ አማሰልሁ፤
ቀለም መሆኑ ቀርቶ ማሳ ማሳ ሸተተኝ፤
«እሱ ነው» አለች ቀስ ብላ፤ ሂሳብ ጠፋብኝ።

ግማሿን መልሳ ሻሿ ላይ ቋጠረች፤
«የአፈሩን ቀንስልኝ» ብላ ተከራከረች።
ቀነስኩላት።
ሄደች።
ጓሏ ጥፍሬ ሥር ቀረች።