ገርበብ

ገንደ ቆሬ፣ ኒም ጥላ ስር፣ የቢላልን ፔጆ ፈትቼ፣
የካቴናውን ምልክት በናፍጣ ጨርቅ አጥርቼ፣
ነጥቡን ከነጥቡ ላገጣጥም አጎነበስኩ።
አንድ ጥርስ ከሳትኩ
ቫልቮላው ከፒስተኑ ጋር ግንባር ለግንባር ነው።

ሙሜ ሲያስተምረኝ፣ "ጭሱ ተጠርጎ ሳይወጣ
አየሩ ከደጅ ይመጣል፤
የዓይን ጥቅሻ ታህል ሁለቱም በር ገርበብ ይላል።
ጉድለት እንዳይመስልህ፤
ሞተር የሚተነፍሰው እንዲያ ነው" ብሎኝ ነበር።

የኢፍቱ ፈረቃ ሌሊት ነው፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ።
ፀጉሯ ላይ ጥጥ ይዛ ስትገባ፣
መፍቻዬን ይዤ ስወጣ፣
ደፉ ላይ ትከሻችን ይነካካል።
"ሻዩ አልበረደም።"
"የብስክሌትህ ጎማ ተንፍሷል።"
ይኸው ነው።

ዛሬ ግን አንድ ጥርስ ዘግይቼ ወጣሁ፤
ሆን ብዬ።