ሰባት ቁጥር አልገባችም

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ በረሳን ተሻግሮ፣
ጉም የሚያድርበት ሜዳ አለ፣ አስፋልቱ በእንግጫ ታጥሮ።
“ቀለበቱ” ይሉታል፤ ለምን እንደተባለ ማንም አይጠይቅም፤
በሬ የጠፋበት “ቀለበቱ ጋ ፈልግ” ይባላል እንጂ፣ ሌላውን አያውቅም።

የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ ነኝ። ግራ እጄ የእጅ ፍሬን ላይ፣
ዐይኔ የለማጁ እግር ላይ፣ ልቤ እግዜር ላይ።
ከተማው በባጃጅ ሲጨናነቅ ወደዚህ አመጣቸዋለሁ፤
ከገብስና ከባቄላ በቀር ምን ይገጫሉ? እላለሁ።

ዛሬ ተራው የውባየሁ ነው። ሁለት ጊዜ ወድቃለች።
በአንደኛ ማርሽ፣ እንደ ቀብር አጃቢ፣ ቀስ ብላ ትሄዳለች።
ኩርባው ላይ ሞተሩ ጠፋባት።
አስነሳች፤ ጠፋባት።
ትረጋጋ ብዬ ወረድኩ።

እዚያ አንድ የሲሚንቶ ደረጃ ቀርቷል፣ የጥንት የተመልካች መቀመጫ፤
አሁን የእትዬ በለጥሻቸው ነው፣ ወፍ መጠበቂያ፣ የአጥንት ብርድ ማስወጫ።

“ስንት ፈጀባት?” አሉኝ።
“ምኑ?”
“ዙሩ ነዋ!”

ከነጠላቸው ጫፍ ሰዓት ፈቱ፣ እንደ ሽልንግ የተቋጠረች፣
አንድ ቁልፍ ያላት፣ መስታወቷ እንደ ግንቦት መሬት የተሰነጠረች።

“ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሳለሁ ክር እቆጥር ነበር፤
‘ቁጥር አይስታትም’ ብሎ ይቺን ሰጠኝ የሞተሩ ማኅበር።
ሲኞር ዳሪዮ ከአዲስ አበባ፣ በቀይ አልፋ፣ ጓንት አጥልቆ፤
አርመኑ ቫሃን፣ ፊያቱ እንዲቀል ወንበሩን ነቅሎ፣ በርጩማ ላይ ተጣብቆ፤
የእኛው ሀብተየስ ደግሞ፣ የጫጫው፣ የወፍጮ ሞተር ሠሪ፣
ሰባት ቁጥር፤ በየዙሩ ጥሩምባ ነፊ፣ እኔ ላይ ብቻ አቧራ ዘሪ።

“መከላከያው ጭድ ነበር፣ በየኩርባው የታሰረ፤
አህያ ነው ቅዳሜ ሌሊት ሲበላው ያደረ።
‘ነፍሳችንን አህያ በላት!’ ብሎ ዳኛው፣ እየሳቀ አስጀመረ።

“ውርጩ ግን ይብሳል። ጥቅምት ላይ አስፋልቱ መስታወት ይሆናል፤
መኪናው እንደ ገና ሩር ተንከባሎ ባቄላ ውስጥ ይቆማል፤
ባለ ማሳው አቶ ወርዶፋ፣ አስቀድሞ እጁን ዘርግቶ፣ ካሳውን ይቀበላል።”

ወፍ መጣ። ወነጨፉ። ሳቱ።

“የካቲት ስድሳ ስድስት። ቤንዚን ተወደደ። ወሬ ነፈሰ።
ዳሪዮ ቀረ። የአርመኑ ፊያት በሁለተኛው ዙር ዘይት አፈሰሰ።
ሀብተየስ ብቻውን ዞረ። አራት። አምስት። በሰባተኛው
ጥሩምባውን ሁለቴ ነፋ፣
ኩርባውን ትቶ ቀጥ አለ፤ በወርዶፋ ማሳ፣ በጣርማ በር መንገድ፣ ጉም ውስጥ ጠፋ።

“ቁልፏን አልተጫንኩም። አልገባማ።
ላልገባ ሰው ሰዓት አይቆምም።

“ከዚያ ዘመን ተገለበጠ፤ ቆርቆሮውን ቀበሌ ወሰደው፤
የዳኛውን ማማ፣ በዚያ የብርድ ዓመት፣ ሰው ቆራርጦ አነደደው።
አንድ ቀን ጫጫ ገበያ ዳር፣ የዶሮ ቤት በር ላይ፣ ሰባት ቁጥር አየሁ፤
ልጠይቅ አፌን ከፍቼ፣ ስድስት እንቁላል ገዝቼ ተለየሁ።”

ዝም አልን።
ይህን መነሻ መስመር እኔም አውቀዋለሁ፤ ታኅሣሥ ላይ አውድማ ይሆናል፤
አምስት በሬ ነዶ ላይ ይዞራል፤ የሚቀድም የለም፤
ኋለኛው የፊተኛውን ጭራ እያየ ያኝካል።

“ልሂድ ጋሼ?” አለች ውባየሁ፣ በመስኮት።
“ሂጂ። ብቻሽን።”

እትዬ በለጥሻቸው ሰዓቷን መልሰው ቋጠሩ። “በእሷ አይሆንም፤ ተይዛለች” አሉ።
እንደ ክር፣ በአፋቸው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ቀጠሉ።

ባቄላውን በስንዝር ሳተች። ለአህያ ቆማ አሳለፈች።
ከሩቅ ኩርባ ስትወጣ፣ ሰምቼ አላመንኩም፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብታለች።
ጉሙ ዋጣት። መለሳት።

“አንድ ሺህ አንድ መቶ አራት” አሉ፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ።
“ይቺ ገብታለች። ጻፍ።”

መጻፊያ አልያዝኩም ነበር።