የሙሴ ስታማቲ ቢላዋ

ሐምሌ ነበር፤ ዝናብ። አዌቱ ጢም ብሎ
ድልድዩን ይልሳል፣ ግንድ ቅርንጫፍ አዝሎ።
ሦስት ሆነን ገባን፤ አንደኛው ታጣቂ፣
አንዱ ሊቀመንበር፣ የቁልፍ ጠያቂ፤
እኔ እስክሪብቶ ይዤ፣ መዝገብ በብብቴ፣
ያደግሁበትን ደጅ ልወርስ ለመንግሥቴ።

የሙሴ ስታማቲ ቡና መፈልፈያ፣
ከሂርማታ ቁልቁል፣ ፈረንጅ አራዳ መታጠፊያ፤
አባቴ አባ ፎጊ ሚዛን የያዘበት፣
እኔ በጆንያ ጽሑፍ ፊደል የቆጠርኩበት።
ከሚዛኑ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ወርዶ
አንድ ጎራዴ ነበር፣ የእጀታው ቆዳ ተቀዶ።

ልጅ ሆኜ ጠየቅሁት። ዝናብ ነበር ያኔም።
ቡናው ታጥቦ አልደረቀም፤ እሱ ሥራ የለው፣ እኔም።
አማርኛው ሰባራ፤ ወንድና ሴት ያምታታል፤
እናቱን «እሱ» ይላል፣ ተራራን «እሷ» ይላታል።
«የአያቴ አባት ነች» አለኝ፣ «ካፒቴን ፎቲስ፤
ቱርክ ስሟን ከሰማች፣ ፍንጃሏን አትጨርስ።»

ሰባራውን ጠግኜ ልንገራችሁ እኔ፦

ቀራጩ ሊቆጥር መጣ የወይራውን ዛፍ፣
የበጉን፣ የሰውን፣ የቀፎውን አፍ።
አባቱን ገረፉት ባጎደለው ቁና፤
ፎቲስ ያን ሌሊት ጠፋ፣ ጎራዴ ሰረቀና።
ጫካው ቤቱ ሆነ። ድንጋይ ተንተራሰ፤
አሥራ አንድ ክረምት በረዶ ጎረሰ።
በሱልጣኑ መዝገብ ስሙ ሰፈረ፦ «ሽፍታ፤
ራሱን ቆርጦ ላመጣ፣ አርባ ወርቅ ስጦታ።»

ከዚያ አገሩ በሙሉ በአንድ ጸደይ ሸፈተ፤
ሽፍታው ካፒቴን ሆነ፣ ስልሳ ሰው አስከተተ።
ከገደሉ አፋፍ ሦስት ቀን ተዋጋ፤
ባሩድ ሲያልቅበት፣ በሦስተኛው ሲነጋ፣
የመነኮሳቱን የንብ ቀፎ በሙሉ
ቁልቁል ለቀቀባቸው፤ ፈረሶቹ ሰው ጣሉ።

አባቴ እዚህ ላይ ይስቃል፤ ቀፎ ሰቃይ ነበርና።
አንድ ቀን ግን ሳቁን አቁሞ፣ ጠየቀና፦
«ቱርኩ እንደኔ ሰጋጅ፣ ሙሴ፣ አይደል እንዴ?»
ስታማቲ ቀና አለ ወደዚያ ጎራዴ።
«አዎ» አለ። «ከተማዋን የያዙ ማታ
አንዲት የቱርክ ልጅ ጮኸች፤ ሰማት፤ አልወጣም ለእርዳታ።
እስኪሞት ያቺ ልጅ በሌሊት ትጠራው ነበር።»
አባቴ ያን ቀን አንድ ጆንያ ሳይመዝን ዋለ።

ነጻነት ሆነ ተባለ፤ በመርከብ ንጉሥ መጣ፣
ከሌላ አገር የተዋሱት፣ ጢም ገና ያላወጣ።
ካፒቴኑ አልሰገደም። ፍርድ ቤት አቆሙት፤
ከቱርክ በነጠቃት ምሽግ ውስጥ ቆለፉት።
በንጉሡ መዝገብ ላይ «ከሃዲ» ተባለ፤
ዓይኑ ጠፍቶ ወጣ፣ ግድግዳ ይዞ ዋለ።
ጡረታ ቢጠይቅ፣ ጸሐፊው ገለጠ፣ ገለጠ፤
«ስምህ የለም» ብሎት ወደ ምሳው ሮጠ።

ሊቀመንበሩ አሁን ሽቅብ ጠቆመኝ፤
«ያ ምንድን ነው? ጻፈው፤ መሣሪያ መሰለኝ።»
ጻፍኩ። «ተራ ቁጥር አርባ ሰባት፤ ቢላዋ፣
የወጥ ቤት፣ የዛገ፣ የዶለዶመ፣ የማይወረስ ዕቃ።»
ታጣቂው ሳቀ። ሙሴ፣ መነጽሩን አድርጎ፣
መዝገቤን አነበበ አንገቱን አስግጎ፤
«ሽፍታ፣ ከሃዲ፣ የለም፤» አለኝ በሹክሹክታ፣
«አሁን ቢላዋ ሆነች። ትረፍ በቃ፣ ያቺ ሽፍታ።»

በጆንያ ጠቅልሎ ባውቶቡስ ሄደ። ደብዳቤ አልመጣም።
አባቴ እስኪሞት ድረስ ያንን ምስማር ከግድግዳው አላወጣም።

ዘንድሮ ለጡረታዬ ወረፋ ያዝኩ።
ውጭ ዝናብ ነው።
ወጣቷ ጸሐፊ ኮምፒውተሯን ነካካች፣
የአያቴን ስም ጠየቀች፣ እንደገና ነካካች፤
«አባባ፣ ስምዎ የለም» አለችኝ በትሕትና።
ሳቅኩ።
ለምን እንደሳቅኩ ልነግራት አፌን ስከፍት
ሰዓቷን አየች።
ምሳ ሰዓት ነበር።